ከድሬዳዋ ወርክሾፕ እስከ እንዶዴ
(በባቡርና በግንባታ ሙያ ሥልጠና ላይ የቀረበ ዲስኩር)



የተሰጠው ርእስ «በመንግሥት የሚደገፈው የባቡርና የግንባታ ሙያ ሥልጠና ምን ይሁን?» የሚል ነው። ጥያቄው የነገ ቢመስልም የመልሱ ትልቁ ክፍል ዛሬም ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ በአካል ይገኛል። ንግግሩም ከዚያ ይነሣል።

ዳግማዊ ምኒልክ ለአማካሪያቸው ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰና ቆመ፤ ገንዘብ ጠፋ፣ ፖለቲካው ተወሳሰበ፣ የመጀመሪያው ኩባንያም ከሰረ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ በቆየባቸው ዓመታት በረሃ የነበረው ሜዳ ከተማ ሆነ። ጣቢያው፣ መጋዘኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወርክሾፑ እዚያ ተተከለ።

ይህ ወርክሾፕ በአገራችን የሙያ ትምህርት ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። በሩ ላይ «ትምህርት ቤት» ተብሎ ስላልተጻፈ ብቻ የታሪክ ጸሐፊዎች አልፈውታል። ነገር ግን ቶርኖ፣ ብየዳ፣ ቅጥቀጣና የሞተር ሥራ ለብዙ ትውልድ የተላለፈው በዚያ ጣራ ሥር ነው። በዚያ ዘመን ወጣቱ በረዳትነት ይገባል። መሣሪያ ያቀብላል፣ ግራሶ ይጠርጋል፣ የማሽኑን ክፍሎች የፈረንሳይኛ ስም በጆሮው ይለምዳል። አለቃው ካመነበት ሞረድ ይሰጠዋል፤ ቆይቶም ቶርኖው ላይ ያቆመዋል። የተበላሸው ዕቃ የሚማርበት ዕቃ ነው፤ ካልጠገነው ባቡሩ አይነሣም። መለዋወጫ ከውጭ ሳይመጣ ሲቀር ሠራተኞቹ የጎደለውን ቁራጭ እዚያው ለክተው፣ ቆርጠውና አለስልሰው ይሠሩ ነበር። ዘመኑ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ሲሻገርም እነዚያው እጆች አዲሱን ሞተር ተማሩ።

ዛሬ ወርክሾፑን የሚጎበኝ ሰው ከአውሮፓ የመጡትን አሮጌ ማሽኖች በየቦታቸው ቆመው ያገኛቸዋል። የሚያስጎበኙትም አዛውንት ሠራተኞች ናቸው፤ ከጎብኚው ጋር በፈረንሳይኛ ይግባባሉ፣ የእያንዳንዱን ማሽን ጠባይ ያውቃሉ።

ድሬዳዋ ላይ ይህን ያህል መቆየታችን ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ መምህሩ፣ ተማሪውና ብልሽቱ አንድ ቦታ ይውሉ ነበር።

በመንገድ ሥራም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያውን ብድር የሰጠው በ1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መጀመሪያ አሜሪካውያን መሐንዲሶች መሩት፤ ኢትዮጵያውያን አብረዋቸው እየሠሩ ተረከቡት። ከባለሥልጣኑ የዓለም ገና ማሠልጠኛ የወጡ የግሬደርና የዶዘር ኦፕሬተሮችም በየጠረፉ መንገድ ከፍተዋል።

የኮብልስቶን መንገድ ሥራም ሊዘለል አይገባም። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የተጀመረው ይህ ሥራ በየከተማው ድንጋይ ጠራቢና አንጣፊ አሠለጠነ፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ወጣቶች ጭምር መሮና መዶሻ ይዘው ተሰለፉ። ሥልጠናው አጭር ነበር፤ ግን የከተማ አስተዳደሮቹ አሠልጥነው አልተዉአቸውም። በማኅበር አደራጅተው መንገዱን ራሳቸው አሠሯቸው። አሠልጣኙም ሥራ ሰጪውም መንግሥት ስለነበር የተማረው እጅ ሳይደነዝዝ ደመወዝ አገኘ።

ወደ አዲሱ ባቡር እንምጣ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም.፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ደግሞ መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቁ። በጅቡቲው መሥመር ላይ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች ከቻይናውያን ጎን ተቀምጠው ተማሩ፤ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ሥራው ከቻይናውያኑ ለባለቤቶቹ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ተላለፈ። ይህ በሚገባ የሚመሰገን ነው። የጥገናው ሙያ ግን ገና ነው። ከቀላል ባቡሩ 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመው አዲስ አበባ አይታለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባቡር ምሕንድስና እስከ ዶክትሬት ያስተምራል፤ የጎደለው ከመሐንዲሱ ቀጥሎ የሚቆመው፣ በጅቡቲው መሥመር በእንዶዴ ጥገና ሥፍራ መፍቻ የሚይዘው መካከለኛ ባለሙያ ነው።

ጊዜው ስላጠረ የርእሱ ዋና መልስ ባጭሩ ይቅረብ። የአገራችን የትብብር ሥልጠና መመሪያ ሥልጠናው 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በማሠልጠኛ ይሰጥ ይላል። ተቋራጩ ግን ሠልጣኝ መቀበል ወጪ ነው ብሎ ይሸሻል፤ ፎርማኑም ለሚያስተምርበት ሰዓት የሚከፈለው የለም። ስለዚህ በመንግሥት ገንዘብ በሚሠራ በማንኛውም የመንገድና የባቡር ውል ውስጥ የሠልጣኝና የአሠልጣኝ ክፍያ ራሱን የቻለ መደብ ይኑረው። የብቃት ምዘናውም በወረቀት ሳይሆን በተበላሸ የባቡር ቦጊ፣ በታሰረ ፌሮና በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ይሁን።

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና ለባቡር ድርጅቶቹ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ ይቅረብ። የድሬዳዋ ወርክሾፕ የሙያ ማሠልጠኛ ይሁን፤ እነዚያ አዛውንት ሠራተኞች በሕይወትና በጉልበት ሳሉ የመምህርነት ደመወዝ ተቆርጦላቸው የመጀመሪያዎቹን ሠልጣኞች ይቀበሉ።