አደስን በደጀ ሰላምና በጓሮ ማልማት
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አደስ ነው። አደስ እናቶቻችን ቅጠሉን አድርቀውና ወቅጠው ከቅቤ ጋር ለራሳቸው የሚቀቡት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልም፣ ነጭ አበባው መዓዛው ያማረ ቍጥቋጦ ነው። በቅዱስ መጽሐፍም እንግዳ አይደለም፤ አስቴር የተጠራችበት ሀደሳ የሚለው ስም የዚሁ ዕፅ የዕብራይስጥ ስም ነው። በነህምያ ዘመንም ለዳስ በዓል ከተራራ እንዲመጡ ከታዘዙት ቅርንጫፎች አንዱ እርሱ ነበር።

ስለ አተካከሉ ከመናገራችን በፊት ስሕተታችንን እናስቀድም። በአንድ ደብር በሐምሌ ወር የአደስ ችግኝ ተከልን፤ የተተከለውንም ቈጥረን በሪፖርታችን ጻፍን። በኅዳር ተመልሰን ስንመጣ በጣት ከሚቈጠሩት በቀር ሁሉም ደርቀዋል። ውኃ አላጠጡም ብለን ግቢውን የሚጠብቁትን አረጋዊ ወቀስናቸው። ኋላ ግን አንዱን ነቅለን ብናይ ሥሩ ጠቍሮ በስብሷል። የገደለው ጥም ሳይሆን በክረምት የተኛበት ውኃ ነበር። ይቅርታ ስንጠይቃቸው «ስትተክሉ ብትጠይቁኝ ውኃ የሚቋጥረውን ቦታ አሳያችሁ ነበር» አሉን። ይህ ቃል ከብዙ ሥልጠና ይልቅ አስተማረን።

ስለዚህ አስቀድመን ቦታውን እንምረጥ። አደስ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውኃ የማይተኛበት መሬት ይወዳል። መሬቱ መረሬ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርገን፣ ብስባሽ ቀላቅለን እንትከል። ነባሮቹን የደብሩን ዛፎች ግን ለአደስ ብለን አንንካ፤ ለእርሱ የአጥሩ ዳርና የምእመናን ጓሮ ይበቃዋል።

ችግኝ ለማፍላት አበባ ካልያዘ ጤነኛ ቅርንጫፍ 10 ሳንቲሜትር ያህል ቈርጠን፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈን፣ አሸዋ በበዛበት አፈር በጥላ ሥር እንሰካለን። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ሥር እስኪይዝ መታገሥ ያሻል። በሚቀጥለው ክረምት መጀመሪያ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል፤ ለአጥር ከሆነ በ1 ሜትር ርቀት ይተከላል። የመጀመሪያውን በጋ ውኃ እያጠጣን ከፍየል እንጠብቀው፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቅን ይችላል።

ቅጠሉን ስንለቅም ከየቍጥቋጦው ጥቂት ጥቂት እንጂ አንዱን አናራቍት። መግረዝም ካበበ በኋላ ይሁን።

አባቶቻችን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ከእንግዲህ በሪፖርታችን የተተከለውን ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላ በሕይወት ያለውን እንጻፍ። ለየችግኙ ኃላፊ እንሰይም። ከሁሉ በፊት ግን መሬቱን በክረምትም በበጋም የሚያውቁትን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።