ዘበኛው እልፍኝ ሲገባ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ገበጣ የተጫወተ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በጨዋታ መካከል አንዲት ጠጠር በመዳፉ ሸሽጎ የሚያስቀር አይታጣም። እንዲህ ያለው ሰው በተያዘ ጊዜ ጨዋታው ይፈርሳል፤ ከበው የሚያዩትም ይስቁበታል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ዛሬ ግን ወጣቶች በኢንተርኔት አማካይነት የሚጫወቱት ፊቱን ካላዩት፥ አገሩንም ከማያውቁት ሰው ጋራ ስለ ሆነ፥ እጁን ይዞ «እስቲ መዳፍህን ክፈት!» የሚል ተመልካች የለም። ስለዚህ የጨዋታዎቹ ባለቤቶች የሆኑት ኩባንያዎች በየተጫዋቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ዘበኛ ማቆም ጀመሩ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ዘበኛ ነው። ጨዋታ የማይወዱ ቢሆኑም እንኳ፥ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብለው ጋዜጣውን እንዳያጥፉት እለምናለሁ፤ ነገሩ እርስዎንም የሚነካበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጻል።

በመጀመሪያ ለኩባንያዎቹ የሚገባቸውን ፍርድ እንስጥ። በተኩስ ጨዋታ ላይ ከግድግዳ በስተጀርባ የተሸሸገውን ባላጋራ ገልጦ የሚያሳይ፥ ወይም የጠመንጃውን አፈሙዝ በራሱ እያነጣጠረ ሰውየውን የማይስት ተኳሽ የሚያደርግ ፕሮግራም በገንዘብ ይሸጣል፤ የሚሸጡትም ሰዎች በዚሁ ይተዳደራሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲለማመድ ያደረ ወጣት፥ ከፍሎ በገዛው ዓይን በሚያይ ሰው ሲሸነፍ ቢናደድ አይፈረድበትም። እንግዲህ ጥበቃ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ጥያቄው ዘበኛው የት ይቁም የሚለው ነው።

ኮምፒዩተርን እንደ አንድ የቀድሞ ባላባት ግቢ አድርገው ይመልከቱት። ደብዳቤ መጻፊያው፥ ፎቶግራፍ መመልከቻው፥ ጨዋታውም ራሱ በአዳራሹ ተቀምጠው የሚስተናገዱ እንግዶች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ማዕድ ላይ እጁን እንዳይሰድ አሳላፊው ይከለክለዋል። ከርነል የሚባለው የኮምፒዩተሩ እምብርት ግን እልፍኙ ነው። ዲስኩም፥ ኪቦርዱም፥ የይለፍ ቃሉም የሚያልፈው በዚያ ነው። ይህ አከፋፈል ትናንት የተፈጠረ አይደለም፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት መልቲክስ የተባለውን ሥርዓት ይሠሩ የነበሩት የአሜሪካ መሐንዲሶች፥ አንዱን ክበብ በሌላው ውስጥ አድርገው ያወጡት ደንብ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከእልፍኝ የገባን ፕሮግራም የሚገታው የራሱ ጨዋነት ብቻ ነው። ሲጽፉ ማየት ይችላል፤ የተቀመጠውን ማንበብ ይችላል፤ ሌላውንም ዘበኛ ማባረር ይችላል። ያደርገዋል ማለቴ አይደለም፤ ይችላል ማለቴ ነው። በነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት እስከ ንግግሬ ፍጻሜ እንዲይዙልኝ አደራ እላለሁ።

ጥንት ዘበኛው የሚቆመው በአዳራሹ ነበር። በዚያም ሆኖ ቢሆን ነገሩ ያለ ሐሜት አልቀረም፤ በ2005 ዓ.ም. ወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት የተባለው ጨዋታ ዘበኛ ተጫዋቹ በኮምፒዩተሩ ላይ የከፈታቸውን የሌሎቹን መስኮቶች ሁሉ አርእስት እንደሚያነብ በታወቀ ጊዜ ብዙ ጫጫታ ተነሥቷል። በኋላ ግን አጭበርባሪዎቹ ራሳቸው ወደ እልፍኝ መግባትን ተማሩ። ከዚያ ተሸሽገው አዳራሽ የቆመውን ዘበኛ ያታልሉት ጀመር። ዘበኛውም «እንግዲያው እኔም ልግባ» አለ።

ከነዚህ ሁሉ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ቫንጋርድ ነው። ራዮት ጌምስ የተባለው ኩባንያ ይህን ዘበኛ በ2020 ዓ.ም. ቫሎራንት ከተባለው ጨዋታ ጋራ አወጣው፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በተባለው ጨዋታው ላይ ጨመረው። ቫንጋርድ ጨዋታው ሲከፈት ብቻ የሚነቃ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ ከበራበት ደቂቃ ጀምሮ ከእልፍኙ ይቀመጣል። አንድ ሰው ደብዳቤ ሊጽፍ ብቻ ኮምፒዩተሩን ቢያበራ፥ ዘበኛው ከርሱ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። ሰዎች ባጉረመረሙ ጊዜ ኩባንያው ማጥፊያ ምልክት አበጀላቸው፤ በፕሮግራሙ ላይ ቀዳዳ አግኝቶ ለሚያሳየው ሰውም እስከ 100,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ አስታወቀ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ያጠፋው ሰው መጫወት ቢያምረው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ እንደገና ማብራት ስላለበት፥ ብዙው ሰው እንደ በራ ይተወዋል። ኮል ኦፍ ዱቲ የተባለው ጨዋታ ባለቤቶች በ2021 ዓ.ም. ያወጡት ዘበኛ ግን ከእልፍኝ ቢገባም ጨዋታው ሲዘጋ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ሌሊትና ቀን መቀመጡ የግድ እንዳልሆነ ከዚሁ ይታያል።

አሁን «ይችላል» ወዳልኩት ቃል ልመለስ። በ2013 ዓ.ም. ኢ ኤስ ኢ ኤ በተባለው የአሜሪካ የጨዋታ ውድድር ድርጅት የጥበቃ ፕሮግራም ውስጥ፥ ቢትኮይን የሚባለውን የኮምፒዩተር ገንዘብ የሚያመርት ነገር ተሸሽጎ ተገኘ። የተጫዋቾቹ ኮምፒዩተሮች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ለሌላ ሰው ሲያርሱ ሰነበቱ። ኩባንያው ጥፋቱን በአንድ ሠራተኛ ላይ አላከከ። የኒው ጀርሲ ዐቃቤ ሕግ ግን 14,000 የሚያህሉ ኮምፒዩተሮች እንደ ተነኩ፥ ፕሮግራሙም ተጫዋቹ ከወጣ በኋላ እንኳ ኮምፒዩተሩን ለመመልከት ያስችል እንደ ነበረ አስታወቀ፤ ኩባንያውም በ1 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ላይ ፈርሞ ከዚሁ 325,000 ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ተገኘ የተባለው ትርፍ 3,500 ዶላር ያህል ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ ስትሪት ፋይተር 5 ለተባለው ጨዋታው አዲስ ዘበኛ ላከ። ይህ ዘበኛ ማንንም አልሰለለም፤ ነገር ግን የእልፍኙን በር ከፍቶ ስለ ተወው፥ ማናቸውም ተራ ፕሮግራም በርሱ በኩል እየገባ ያሻውን ለማዘዝ ይችል ነበር። ኩባንያው ነገሩ እንደ ታወቀ ወዲያው መለሰው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሦስተኛው ታሪክ ነው፤ ጨዋታ የማይጫወቱትን አንባቢ እንዲቆዩልኝ የለመንኩትም ስለዚሁ ነው። ጌንሺን ኢምፓክት የተባለው የቻይና ጨዋታ በ2020 ዓ.ም. ሲወጣ ኤምኤችዋይፕሮት 2 የሚባል የእልፍኝ ዘበኛ ነበረው። ዊንዶውስ ወደ ከርነሉ የሚያስገባው የታወቀ ማኅተም ያለውን ፕሮግራም ስለ ሆነ፥ ይህም ዘበኛ ማኅተሙን ይዟል። በ2022 ዓ.ም. ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ እንደ ገለጸው፥ የሰውን ፋይል ቆልፈው ቤዛ የሚጠይቁ ወንበዴዎች ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች ሰብረው ከገቡ በኋላ ይህንኑ ዘበኛ ይዘው መጡ። ጨዋታው ግን በዚያ አስፈላጊ አልነበረም። ዘበኛውን ብቻ ለይተው አምጥተው፥ ባለማኅተም ስለ ሆነ ኮምፒዩተሩ አላፍር ብሎ በክብር ተቀበለው፤ እርሱም በታዘዘው መሠረት የቤቱን አንቲቫይረስ ገደለላቸው። እንግዲህ አንድ ጊዜ የተሠራ የእልፍኝ ቁልፍ፥ ዘበኛውን ያልቀጠሩትን ሰዎች ቤት ሁሉ ይከፍታል። ጨዋታ ተጫውተው የማያውቁ የሒሳብ ሹም፥ የተኩስ ወይም የጀብዱ ጨዋታ ሌላ አገር ስለ ተሠራ ብቻ መዝገባቸው ሊቆለፍባቸው ይችላል።

ክፋትም ላያስፈልግ ይችላል። ሐምሌ 19 ቀን 2024 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ በላከው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን የሚያህሉ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ቆመዋል፤ አውሮፕላኖችም ከመነሣት ተከልክለዋል። ፕሮግራሙ የጨዋታ አልነበረም፤ የቆመው ግን ከዚያው እልፍኝ ነው፤ በእልፍኝ ውስጥ የወደቀ ቤቱን ይዞ ይወድቃልና።

«ታዲያ ሌላ ምን መንገድ አለ?» ይሉኝ ይሆናል። ገበጣውን ያስታውሱ፤ ጠጠሯን ያልሰጡት ሰው ሊሸሽጋት አይችልም። ቫሎራንት ራሱ ባላጋራው ሊታይ እስኪቃረብ ድረስ የቆመበትን ስፍራ ወደ ተጫዋቹ ኮምፒዩተር አይልክም፤ ያልተላከውን ደግሞ በግድግዳ አሳልፎ የሚያይ የለም። ይህ ጥበቃ የሚደረገው በኩባንያው በራሱ ቤት እንጂ በእርስዎ እልፍኝ አይደለም። በርግጥ አፈሙዙን በተንኮል የሚያነጣጥረውን በዚህ ብቻ ማስቆም አይቻልም። ሆኖም እልፍኝ መግባቱም ቢሆን ነገሩን አልጨረሰም፤ ዛሬ አጭበርባሪዎች በኮምፒዩተሩ ላይ ልዩ ካርድ ሰክተው ምሥጢሩን በሁለተኛ ኮምፒዩተር ያነቡታል። ዘበኛው አንድ እርምጃ በገባ ቁጥር ሌባውም መሠረቱን እየቆፈረ ነው፤ በመካከሉ የሚፈርሰው የባለቤቱ ግድግዳ ነው።

የተጫዋቾች እንቢታ ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በግንቦት 2020 ዓ.ም. ዱም ኢተርናል በተባለው ጨዋታ ላይ እንዲህ ያለው ዘበኛ ከገዙት በኋላ ቢጨመርባቸው፥ ተጫዋቾቹ ጮኹ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው እንደሚያስወጣው አስታወቀ።

በቤትዎ ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ከሆነ፥ ልጅዎ በሚጫወትበት የባንክ ሒሳብዎን የሚመለከቱ፥ የመሥሪያ ቤትዎንም ወረቀት የሚጽፉበት ከሆነ፥ ሁለት ነገር ይወቁ። ለልጁ የተለየ መግቢያ ስም ማውጣት በዚህ ረገድ አይጠቅምም፤ እልፍኙ ለሁላችሁም አንድ ነውና። ጨዋታውን መሰረዝም ዘበኛውን ሁልጊዜ አያሰናብተውም፤ ለምሳሌ ቫንጋርድ በፕሮግራሞቹ ዝርዝር ውስጥ ለብቻው ተጽፎ ስለሚገኝ ለብቻው መሰረዝ አለበት። የኢንተርኔት ቤት ያላችሁም እንደዚሁ፤ ማታ ወጣቶች በተጫወቱበት ኮምፒዩተር ጧት አንዲት እናት ፓስፖርታቸውን ይዘው ውጭ አገር ላለው ልጃቸው ፎርም ሊያስሞሉ ይመጣሉ። ዘበኛው እንዲገባ «እሺ» ያለው ሌላ ሰው ነው፤ እርሳቸውን የጠየቃቸው የለም።