ቴኳንዶና ጎልማሳ

ቀዳሚ አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፣ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ «ቴኳንዶ የልጆች ነው» እያለ ከዳር ቆሞ የሚመለከት ጎልማሳ ቀበቶ ታጥቆ ከሰልፉ ቢገባ ምን ይረባዋል?

ተከታይ አቅራቢ፦ እጅግ እንጂ ጋሼ! በአንድ እግሩ ጸንቶ፣ የሌላውን ጉልበት እስከ ወገቡ አንሥቶ፣ እግሩን በዝግታ ዘርግቶ የሚመልስ ሰው የጭኑን ጡንቻና የሰውነቱን ሚዛን በአንድነት ያጸናልና፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ 65 ዓመት ለሞላቸው ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንን የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል።

ቀዳሚ አቅራቢ፦ ሰሎሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በቴኳንዶ መወዳደሩን ሰምቻለሁ፤ እኔስ ሜዳልያ አልሻም፣ ዳገቱን ሳላለከልክ ብወጣ ይበቃኛል!

ተከታይ አቅራቢ፦ እንግዲያው ዝላዩን ለወጣቶች ይተዉላቸው፤ ደም ግፊት ካለብዎም አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፣ ጉልበትዎን የሚያምዎ እንደ ሆነ ለአሠልጣኙ ሳያፍሩ ይንገሩት።