ቋንጣን ከዝንብና ከጥንዚዛ ስለ መጠበቅ

(በሐረር ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በሐረር ሥጋ ተራ የሚገበያይ ሰው ዘምቢሉን ከጭልፊት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ጭልፊት የሚወስደው አንድ ቁራጭ ነው፤ በየቤታችን የሰቀልነውን ሁሉ የምታጠፋው ዝንብ ናት። የዛሬው ንግግሬም ስለ ቋንጣ አጠባበቅ ነው።

እንደሚታወቀው ብዙ ሥጋ በአንድ ጊዜ ወደ ቤታችን የሚገባው በበዓል ነው። ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ ስለሚውል ከበልጉ ዝናብ ጋር ይገጥማል። ዓረፋ ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ አንዳንድ ዘመን ከክረምቱ መካከል ይገባል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር የሚበጀው ልማድ በእነዚህ ወራት አይበቃም።

የራሴን ጥፋት ልናገር። በአንድ የፋሲካ ሰሞን የቅርጫ ድርሻችንን ዘልዝለን፣ ዝናቡንና ዝንቡን ፈርተን በተዘጋ ክፍል ሰቀልነው፤ በወፍራም ጨርቅም ሸፈንነው። በሦስተኛው ቀን ሽታው ከበሩ ላይ ተቀበለን፤ ሁሉም ተጣለ። ዝንቡን ስንከለክል ነፋሱንም ከልክለን ኖሯል።

ዝንብ በእርጥብ ሥጋ ላይ የጣለችው እንቁላል በሙቀት ጊዜ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ባክቴሪያም በእርጥበት ይራባል። እንግዲህ የጥበቃው ዋና ነገር ውኃው ቶሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ጮማው ተለይቶ ሥጋው ከትንሽ ጣት ሳይወፍር ይዘልዘል። ጨው ውኃውን ስለሚስብ በሁሉም ፊቱ ይታሽ፤ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ የጨውን ቦታ አይተኩም። ዝልዝሉ ሳይነካካ ይሰቀል፤ መሸፈኛውም ነፋስ የሚያሳልፍ ስስ ሻሽ ይሁን። በጀጎል ውስጥ ግቢዎቹ በግንብ የታጠሩ ስለሆኑ ነፋስ የሚያገኘው ጠፍጣፋው ጣሪያ ይመረጣል፤ ማታ ጤዛ ሳይወርድ ግን ይግባ። ዝናብ ከጣለ ከምድጃ በላይ በለዘብተኛ ሙቀት ይቀጥል።

ሁለተኛው ጠላት የሚመጣው ከደረቀ በኋላ ነው። ዝንብ እርጥቡን ትሻለች፤ ትሏ ጠጉራም የሆነች ጥንዚዛ ግን ደረቁን ትበላለች። ለደረቀ ዓሣም ለቋንጣም የታወቀች አጥፊ ናት። ምልክቷም ዱቄትና የትሉ የተገፈፈ ቆዳ ነው። ቋንጣው ሲታጠፍ የሚሰበር እስኪሆን ይድረቅ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ይቀመጥ። እስከ ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቢሞቅ እንቁላሉም ትሉም ይሞታሉ። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ሙቅመድን ጠብሰው በተነጠረ ቅቤ ውስጥ የሚያኖሩትም ነፋስና ተባይ እንዳይደርስበት ነው።

አጥብቄ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ጥንዚዛዋን ለመከላከል በደረቀ ዓሣ ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት ሲረጭ ታይቷል። ይህ ልማድ ወደ ቤታችን ከቶ አይግባ፤ ተባዩ ቢሞትም መርዙ ከምግቡ ጋር ይበላልና። እንዲሁም ማድረቅ ብቻውን ለኮሶ ትል ዋስትና ስላልሆነ ቋንጣ በደንብ ሳይበስል አይበላ።

እናቶቻችን የዚህን ሙያ አብዛኛውን ክፍል ከእኛ በፊት ያውቁታል። የእኛ ድርሻ ምክንያቱን አስረድተን፣ ወራቱ ሲለወጥ ዘዴውም እንዲለወጥ መርዳት ነው። የአንድ ቤተሰብ የቅርጫ ድርሻ ከመጣል ቢድን ትምህርታችን ፍሬ አፈራ ማለት ነው።