ከእኛ በፊት የነበሩት ጎረቤቶች
(በዘንድሮው የቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ትናንት ማታ ከሩቅ የመጣችሁትን አንዳንዶቻችሁን ዋሽንግተን ዩ ስትሪት ይዤ ስዞር፣ አንዱ ወዳጄ «የታለ ያ የነገርከን የሐበሻ ሰፈር?» አለኝ። ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። እስቲ ስለዚያ ሰፈር ላውጋችሁ።

እኛ ስንደርስ ሰፈሩ ባለቤት ነበረው። ነጮች ቤታቸውን ለጥቁር እንዳይሸጡ በውል ይተሳሰሩ በነበረበት ዘመን ዩ ስትሪት «ጥቁር ብሮድዌይ» ይባል ነበር። ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚያው አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ቁጣው የፈነዳው ከዚሁ ሰፈር ነበር፤ ብዙ ሱቅ ተቃጠለ፣ ለዓመታትም ተዘግቶ ቀረ። እኛ መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን ነበርን። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ናይንዝ ስትሪት ወረድን፤ ርካሽ ነበራ!

በ2005 ነጋዴዎቻችን ናይንዝ ስትሪት ላይ ያለው ክፍል «ሊትል ኢትዮጵያ» እንዲባል ጠየቁ። ሎስ አንጀለስ በ2002 ፈቅዳ ነበርና እኛስ ምን አነሰን አልን። ነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ግን ተቃወሙ። እኔም ተናድጄ፣ ታክሲዬ ውስጥ ከተሳፈሩ አንዲት አዛውንት ጋር ተከራከርኩ። «ልጄ፣ እኛ እኮ ገና አልሞትንም» አሉኝ።

የገባኝ ዘግይቶ ነው። በ1970 ከዋሽንግተን ነዋሪ 71 በመቶ ያህሉ ጥቁር ነበር፤ በ2020 ወደ 41 በመቶ ወረደ። ሜትሮው በ1991 ከገባ በኋላ ሰፈሩ ቀስ በቀስ ተፈላጊ ሆነ፤ ባለገንዘብ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ነጮች፣ መጡ። ሰፈሩን ያሞቅነው እኛም ነን፤ ሙቀቱን የሸጡት ግን ባለሕንፃዎቹ ናቸው። ይኸው እኛም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ተበተንን።

አንድ ጥፋቴን ልናገር። በዋሽንግተን ከ1980 ጀምሮ የአፓርትማ ሕንፃ ሲሸጥ ተከራዮች ቀድመው እንዲገዙ ዕድል የሚሰጥ ሕግ አለ። እኔ የነበርኩበት ሕንፃ ሲሸጥ ደብዳቤው ደርሶን ነበር። ማን ያንብበው! ሁላችንም በሁለት ፈረቃ እንሠራለን። ነባሮቹ ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው «ኑ፣ አብረን እንግዛ» ሲሉን «የፖለቲካ ስብሰባ ይሆናል» ብለን ቀረን። እነሱ ብቻቸውን አልሞላላቸውም። በሁለት ዓመት ውስጥ እነሱም እኛም ወጣን። ዕቁብ ስንጥል የኖርን ሰዎች እኮ ነን!

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ሁለት ነገር ነው። አዲስ ሰፈር ስትገቡ ከስም በፊት ጎረቤት ጠይቁ፤ ስብሰባ ሲጠሯችሁም ሂዱ። ልጆቻችሁንም ዩ ስትሪት ስትወስዷቸው «የእኛ ሰፈር ነበር» ብቻ አትበሏቸው። ከእኛ በፊት የነበሩትንም ንገሯቸው። ያቺን እናት ዛሬ ባገኛቸው «አዎ፣ አልሞታችሁም» እላቸው ነበር።