«ሳላሪ» እና ደመወዝ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ከተመራቂዎች በኩል አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ ተመካክረን ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለመናገር ወሰንን። ቃሉ «ሳላሪ» ነው፤ ትርጓሜውም ደመወዝ ማለት ነው። ይህን ቃል የመረጥንበት ምክንያት አለን። ትምህርታችንን ልንጨርስ ስለ ሆነ፣ በመንገድ የሚያገኘን ዘመድ ሁሉ «ምን ልትሆኑ አሰባችሁ?» ይለንና፣ መልሳችንን ሳንጨርስ «ደመወዙስ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቀናል።

በመጀመሪያ የቃሉን ትውልድ እንመልከት። «ሳላሪ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ሥሩ ግን የላቲኑ «ሳላሪዩም» ሲሆን፣ ይህም «ሳል» ከሚለው ቃል የተገኘ ነው፤ ሳል ማለት ጨው ነው። በ79 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቬሱቪየስ ተራራ እሳት በተፋ ጊዜ የሞተው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ፣ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ዝምድና አመልክቷል። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ሰዎች የሮማ ወታደሮች ደመወዛቸው ጨው ነበር ይላሉ፤ ነገር ግን ይህን የሚያረጋግጥ የጥንት ጽሑፍ የለም። ወታደሮቹ የሚቀበሉት ገንዘብ እንደ ነበር ግን የታወቀ ነው።

የዚሁ ቃል ዘመዶች በእኛም ማድ ቤት ይገኛሉ። ሰላጣና ከጣሊያንኛ የመጣው ሳልሳ ሁለቱም ከዚያው ከላቲኑ ጨው የተወለዱ ናቸው።

ስለ አገባቡም ጥቂት እንበል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በቀን ወይም በሰዓት ተቆጥሮ የሚከፈለውን «ዌጅ» ሲሉ፣ በወር ወይም በዓመት ተወስኖ የሚከፈለውን «ሳላሪ» ይላሉ። ሥራውን በሚገባ የሚሠራውንም ሰው ለጨው ዋጋው የሚበቃ ነው ይሉታል።

በእኛ አገር ጨው በርግጥ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣ የነበረው አሞሌ፣ በየገበያው መገበያያ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን አይቶ ጽፏል። አሞሌ ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው ከፍ ይል ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ቃል እንመለስ። ደመወዝ ተለያይቶ ሲታይ ደም እና ወዝ ነው። ወዝ በድካም ጊዜ ከሰውነት የሚወጣው ላብ ነው። የላቲኑ ቃል ሠራተኛው የሚቀበለውን ይነግረናል፤ የአማርኛው ቃል ግን ሠራተኛው የሚሰጠውን ይነግረናል። የሚከፈለው ብር አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንደኛው ቋንቋ ከመቀበያው እጅ፣ ሁለተኛው ከመስጫው እጅ ተመለከተው።

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ወላጆች መካከል አርሰው፣ ሸምነው፣ ጉልት ተቀምጠው ያሳደጉን አሉ። የወር ሳላሪ የሚባል ተቀብለው አያውቁም፤ ደማቸውንና ወዛቸውን ግን ሳይሰስቱ ከፍለዋል። የደብተራችንና የጫማችን ዋጋ የወጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ እኛ ሥራ ሳንጀምር የሌላ ሰው ደመወዝ በልተናል ማለት ይቻላል።

ይህን ስንል ክፍያ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ጨው የሌለበት ወጥ ማን ይበላል? የሠራ ሰው ዋጋው ሳይጓደል በጊዜው ሊከፈለው ይገባል፤ የሠራተኛን ዋጋ ያስቀረ ሰው ደሙን እንዳስቀረ ይቈጠራል። ነገር ግን ነገ ከመካከላችን መምህር ወይም ነርስ ሆኖ ከመኪና መንገድ ርቆ ወዳለ ወረዳ የሚመደብ ይኖራል። ያን ጊዜ «ስንት ይከፈለኛል?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሻንጣውን ሳይፈታ ይመለሳል። «ደሜንና ወዜን ለማን እሰጣለሁ?» ብሎ የሚጨምር ግን የሚቆይበት ምክንያት ያገኛል። እንደ አሞሌውም ከመነሻው በራቀ መጠን ዋጋው ይበልጣል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ይላሉ። ከእንግዲህ ዘመድ «ደመወዝህ ስንት ነው?» ሲለን የብሩን ቁጥር በእውነት እንንገረው። ነገር ግን ጥያቄው ሁለት መልስ እንዳለው አንርሳ፤ ሁለተኛውን መልስ የምንሰጠው በሥራችን ነው።