አንዱን ዲስክ ለሁለት ስለ መክፈል
(በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ ከእኛ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚበዙት «ስለ ትምህርት ጥቅም ይነገር» ብለው ነበር። እርሱ ግን በየዓመቱ የሚነገር ስለ ሆነ፣ ዘንድሮ በገዛ እጃችን ስለ ሠራነው ሥራ ጥቂት ቃል ለማሰማት ፈቀድን።

በክፍላችን ያለው አሮጌ ላፕቶፕ በዊንዶውስ 10 የሚሠራ ነው። ይህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ተነሥቶ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድረው ነው። ማይክሮሶፍት ለእርሱ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ወደ ሊኑክስ እንለፍ የሚል ሐሳብ ተነሣ። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ ከእኛ የሚበልጠው በ3 ዓመት ብቻ ነው።

ዳሩ ግን ዊንዶውሱን መደምሰስ አልቻልንም። የመምህራን የውጤት መዝገብ የተሰናዳበት ፕሮግራም በእርሱ ላይ ብቻ ይሠራል። ከዚህም ይልቅ ያስፈራን፣ ወደ አልዱባ የማክሰኞ ገበያ ከሚመጡት የበና ሽማግሌዎች የቀዳነው ድምፅ በዚያው ዲስክ ላይ መኖሩ ነው። ከሽማግሌዎቹም አንዱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለዚህ ዲስኩን ከፍለን ሁለቱን ጎን ለጎን ለማኖር ቆረጥን።

አስቀድመን ድምፁንና መዝገቡን በሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥን። ግማሽ ቀን ስለ ፈጀ ከመካከላችን ያጉረመረሙ ነበሩ።

ዲስክ መክፈል ሲባል ዲስኩ አይቆረጥም፤ እያንዳንዱ ክፍል ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚናገረው የድንበር ሰንጠረዥ ይለወጣል እንጂ። በዊንዶውስ በራሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ ክፍሉን ለማሳነስ ብንሞክር፣ ከ500 ጊጋባይት እኩሌታው ባዶ ሆኖ ሳለ 40 እንኳ የማይሞላ ፈቀደልን። ለካ በመካከሉ ከስፍራቸው የማይነሡ ፋይሎች አሉ! እነርሱም ኮምፒዩተሩ ሲያንቀላፋ የሥራውን ሁኔታ የሚጽፍበትና ራሙ ሲጠበው ትርፉን የሚያኖርበት ናቸው። እርሻ ሊካፈሉ ወጥተው በመካከሉ ጎጆ እንዳገኙ ወንድማማቾች ሆንን። ሁለቱን ለጊዜው አጥፍተን ኮምፒዩተሩን ዳግመኛ ብናስነሣው 100 ጊጋባይት ለቀቀልን።

በዚያ ባዶ ስፍራ ከሊኑክስ ወገን ዴብያን የሚባለውን ጫንን። ሥራው አልቆ ብናበራው ግን ዴብያን ብቻ ተነሣ፤ በዝርዝሩ ላይ ዊንዶውስ የሚል ስም የለም። ሁላችንም ዝም አልን። ቀድሞ ያጉረመረሙት ፍላሾቹ የት እንዳሉ ጠየቁ።

ጥፋቱ የራሳችን ነበር። ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይፈለግ እንደሆነ ሲጠይቀን፣ ስንቸኩል ሳናነበው «አይሆንም» ብለን አልፈናል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ግሩብ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዕትሙ ወዲህ ካልፈቀዱለት በቀር ሌላውን አይፈልግም። አሮጌውን ክፍል ከዴብያን በኩል ብንከፍተው ፋይሎቹ ሁሉ በስፍራቸው ነበሩ። በግሩብ ማስተካከያ ፋይል አንድ መስመር ለውጠን ዝርዝሩን እንደገና ብናስጽፈው ዊንዶውስ ተመልሶ ታየ።

አሁን ኮምፒዩተሩ ሲበራ ሁለቱን ስም ያሳያል፤ 5 ሴኮንድም ይጠብቃል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ስለ ገባ፣ በአንደኛው የጻፍነው አማርኛ በሌላኛው ይነበባል።

ላፕቶፑ ዛሬ በ12ኛ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይገኛል። የሽማግሌዎቹን ድምፅ መስማት የምትወዱ ከምሳ በፊት ብትመጡ ደስ ይለናል።